ቀለቡን ለጎጆው ስጡት

ልጆቼ፣

የላካችሁልኝ ጥያቄ አጭር ናት። በሰንበት ትምህርት ቤት ተሰባስባችሁ ገንዘብ አዋጥታችኋል፤ ውጭ አገር ያሉ እኅት ወንድሞቻችሁም ጨምረውበታል። «ከአንድ ቅኔ ቤት ሦስት ጎበዝ ተማሪዎች መርጠን በየወሩ ቀለብ ብንቆርጥላቸው፣ ከልመና ወጥተው ትምህርታቸውን ብቻ ቢይዙ ምን ይመስልዎታል የኔታ?» ትላላችሁ።

ልባችሁ መልካም ነው። ሦስቱን መምረጡ ላይ ግን አልስማማም። ጥያቄያችሁ ከብዙ ዘመን በፊት የማውቀውን አንድ ልጅ አስታወሰኝና እንቅልፍ ነሣኝ። ስለ እርሱ ሳልነግራችሁ ወደ ቀለቡ ብገባ መልሴ አይገባችሁም።

ልጁ መዝሙረ ዳዊቱን ደግሞ፣ ጾመ ድጓ የሚባለውን የጾም ዜማ ዘልቆ፣ ጎጃም ውስጥ ወደ አንድ ቅኔ ቤት የመጣ ነው። ቦታውን አልጠራውም። አራት ሆነው በአንድ ጎጆ ይኖሩ ነበር። ቅኔ ቤት ያልገባችሁ እንድትከተሉኝ፣ ተማሪ የሚጀምረው 2 ቤት፣ ማለትም 2 ስንኝ፣ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ 3 ቤት ያለውን ዘአምላኪየ፣ 5 ቤት ያለውን ዋዜማ፣ 6 ቤት ያለውን ሥላሴ፣ 8 ቤት ያለውን መወድስ እያለ ይወጣል። ቀን ላይ ደበሎውን፣ የበግ ቆዳ ልብሱን፣ ተከናንቦ ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ይደርሳል፤ ሲመሽ ለአስነጋሪው፣ ቅኔ ለሚሰማው ነባር ተማሪ፣ ወይም ለመምህሩ ይነግራል፤ የተሰበረው ይታረምለታል። ሌላው ዓመት የሚፈጅበትን ያ ልጅ በወራት ዘለቀው። የግእዙ ግስ ከአፉ አይጠፋም፣ የቃላቱ አገባብ አይስተውም። የጎጆ ጓደኞቹ ወደዱት፣ ኮሩበትም። ፍቅራቸውም እንዲህ አሰኛቸው፦ «አንተ ቅኔህን ቁጠር፤ ቁራሹን እኛ እናመጣልሃለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አኩፋዳ፣ የልመና ከረጢቱን፣ አልያዘም። ውኃም አልቀዳ፣ እንጨትም አልለቀመ። ጀማሪውን ልጅ ግስ ማስያዙንም ተወው፤ ጊዜ ይፈጅበታል ተባለ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ያማረ ነበር። በበዓል ቀን ቅኔው በማኅሌት ሲሰማ የጎጆዋ ስም አብሮ ይነሣል፤ አራቱም ደስ ይላቸዋል።

በሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ስለ ጌታ መቀበርና መነሣት አንድ መወድስ ቆጠረ። ሰሙ ጤፍ ነው፦ ገበሬው የጤፉን ዘር በማረሻ አፈር ውስጥ ቀበረው፣ ዘሩም አፈሩን ሰንጥቆ ወጣ። ወርቁ መቃብሩና ትንሣኤው ነው። ግእዙ እንከን የለውም፣ ቤቱም ይመታል። ማታ ጎጆ ውስጥ ሲያሰማቸው፣ ከመንደር ገና የተመለሰው ትንሹ ልጅ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ፣ ቀና ብሎ «ጤፍ እኮ አይቀበርም» አለው።

እውነቱን ነው። ስንዴና ገብስ ከተዘሩ በኋላ በማረሻ ይገለበጥባቸዋል። ጤፍ ግን ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አፈር ከተጫነው አይወጣም። ገበሬው ማሳውን ደጋግሞ አርሶ ያለሰልሰዋል፣ ከብት ነድቶ ያስረግጠዋል፣ ከዚያ ዘሩን በተረገጠው ጭቃ ላይ በትኖት ይሄዳል። ያ ትንሽ ልጅ ይህን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። ያን ሰሞን ቁራሽ ሲለምን በየማሳው ዳር ሲያስረግጡ ስላየ ነው። ሰሙ ሐሰት ከሆነ ወርቁ የሚያርፍበት የለውም። ጤፉን ትቶ በስንዴ ቢቆጥረው ቅኔው ይድን ነበር። ልጁ ግን ተቆጣ፤ «አንተ ጉባኤ ቃና እንኳ ያልሞላልህ» አለው። ትንሹም መለሰ፦ «እኛ ከውሻ ጋር የምንታገለው ለዚህ ነው?»

ከዚያ ማታ በኋላ አብሮ መብላቱም ቀረ። ነሐሴ ላይ አንዱ በትኩሳት ወደቀ፣ ሌላው እርሱን አስታመመ፣ ትንሹ ወደ ሌላ ጎጆ ገባ። ባለ ቅኔው አኩፋዳ አንሥቶ ቢወጣ የትኛው መንደር በየትኛው ቀን እንደሚደርሰው አያውቅም፤ ውሻ የሚፈታው የትኛው ቤት እንደሆነ አያውቅም፤ «የእኛ ተማሪ» ብላ ቁራሽ የምታስቀምጥለት እናትም አልነበረችም። መስቀል ሳይደርስ፣ ሳይመረቅ ሄደ። መምህር ሆኖ ወንበር ይዘረጋል ብለን የጠበቅነው እርሱን ነበር። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ደህና የቆመ ጎጆ ሦስት ወይም አራት ተማሪ ይይዛል። አንዱ ነባር፣ አንዱ ወይም ሁለቱ መካከለኛ፣ አንዱ ጀማሪ መሆን አለበት። እኩያሞች ብቻ የገቡበት ጎጆ ጨዋታው ይደምቃል እንጂ ትምህርቱ አይገፋም። ማታ እሳቱ ሲከስም ነባሩ ለጀማሪው ግሱን በቃል ይሰጠዋል፤ ከቀተለ ጀምሮ እስከ ቆመ ድረስ እያስረባ፣ ሲስት እየመለሰው። በዚህ ከጀማሪው ይበልጥ የሚጠቀመው ነባሩ ነው። ሌላውን ያላስያዘ ተማሪ ግሱ እንደያዘው አይቆይም፤ ያ ጎበዝ ልጅም በኋላ በኋላ አገባቡ ሲላላ ታይቶበታል። ውኃው፣ እንጨቱ፣ ጎጆ ጥበቃው፣ ቁራሹ ሁሉ በተራ ነው። መንደሩንም የተማሪው አለቃ ያከፋፍለዋል፤ ሁለት ጎጆ በአንድ ቀን አንድ በር ላይ ከቆመ ሕዝቡ ይሰለቻል፣ ጎጆና ጎጆም ይጣላል።

ይህን ስል ቅኔ የሚገኘው በማየት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ዓይነ ሥውር የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም፣ ጽላሎ ላይ፣ ወንበር ዘርግተው ስንቱን ባለ ቅኔ አውጥተዋል። ሰሙን የሚሰጠው ከሰው ጋር መኖር ነው፤ ስለ ዘር፣ ስለ ከብት፣ ስለ ልቅሶ፣ ስለ ሠርግ የሚወራውን መስማት።

እናንተ የዛሬ ልጆች ከእኛ ዘመን ተማሪ ይልቅ ብዙ ታነባላችሁ፤ ይህን በደስታ እመሰክራለሁ። መጠበቅ ግን አልለመዳችሁም። ክረምቱን ቅኔ ቤት ከርሞ በመስከረም «ተቀኘሁ» የሚል ስንት ሰማሁ! ስልኩም አለ። የኔታ የዘረፉትን፣ በቃላቸው ያፈሰሱትን ቅኔ፣ በስልክ ቀድቶ የሚተኛ ተማሪ «ነገ እሰማዋለሁ» ያለውን ነገ አይሰማውም፤ ጆሮው ሥራ ይፈታል። ስልክ ቅኔ ቤት ባይገባ እመርጣለሁ። ለዜማ ቤት ግን ሌላ ነው፤ የጋይንቷን ቤተልሔም የድጓ ዜማ ከሚያስመሰክሩት ሊቃውንት አፍ የተቀዳ ድምፅ ካላችሁ እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት።

ልመናን የማመሰግን አይምሰላችሁ። ፊደል የሚቆጥር የሰባት የስምንት ዓመት ሕፃን በውሻ መካከል ተልኮ ማየት አልወድም፤ ለእነዚህ ገበታው ይዘጋጅላቸው፣ ማንንም አይለምኑ። ትልልቆቹም ቢሆኑ ውሻ ሲመጣባቸው መሮጥ የለባቸውም፤ ቆመው ዱላቸውን ከፊት ማድረግ ነው። የተነከሰ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፣ በዚያው ቀንም ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጤና ጣቢያ ይሂድ። በአመድና በቅጠል ሸፍኖ መቆየት ሞት ነው።

ስለ ቅማልም በግልጽ ልንገራችሁ፤ ነውር ነው እየተባለ ሲደበቅ ተማሪ ይሞታል። በነሐሴ የወደቀውን ልጅ የያዘው የሚያገረሽ ትኩሳት ነበር። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው፤ ክረምት ላይ ተማሪው ሙቀት ፍለጋ ተጠጋግቶ ሲተኛ፣ ልብስም ሳይደርቅ ሲቀር ይብሳል። ተውሳኩ ያለው በቅማሉ ሰውነት ውስጥ ስለሆነ በጥፍር ሲጨፈለቅ ወጥቶ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። ስለዚህ ቅማል በጥፍር አይገደልም፤ ልብሱ ይቀቀል። ደበሎ አይቀቀልም፣ ቆዳው ይኮማተራል፤ እርሱን በላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ ሁለት ሳምንት ማቆየት ነው፤ ቅማሉም ቅጫሙም ሰው ሳያገኝ ያልቃል። ለዚያ ሁለት ሳምንት ግን ተማሪው የሚለብሰው ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል፤ ይህ ስለሌለ ነው ምክሩ ሁልጊዜ ከንቱ የሚሆነው። የታመመውም ጤና ጣቢያ ውስጥ ይታከም እንጂ መድኃኒት ተገዝቶ ወደ ጎጆ አይላክለት፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ብርቱ ማንቀጥቀጥ ሊመጣ ስለሚችል ባለሙያ አጠገቡ መኖር አለበት።

አሁን ወደ ገንዘባችሁ። ለዓመቱ በእኩል አትክፈሉት። ከጥቅምት በኋላ እህል ስለሚገባ መንደሩ እጁ ይፈታል። የሚከፋው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፦ የገበሬው ጎተራ ይራቆታል፣ ወንዙ ሞልቶ ማዶ ያለው መንደር አይደረስም፣ የተለመነውም ቁራሽ ፀሐይ ስለሌለ ሳይደርቅ ይሻግታል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል አስቡ፤ አራት ተማሪ ላለው ጎጆ ለሦስቱ ወር 180 ኪሎ ነው፣ ሁለት ኩንታል ሳይሞላ። ገንዘቡ ለሁሉም ጎጆ ካልበቃ ለሁሉም እኩሌታውን ስጡ፤ አንዱን ጎጆ አጥግባችሁ ሌላውን አትዝለሉ። ከዚያ በላይ ከተረፈ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ብርድ ልብስ፣ ለጎጆው የልብስ መቀቀያ በርሜልና የክረምቱ ሳሙና፣ ለጣሪያው ሣር። ሣሩ ሰኔ ሳይገባ መከደን አለበት፤ በጎጆው ዙሪያም ቦይ ይቆፈር፣ አለዚያ ጎርፉ መደቡን ያረሰርሰዋል።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ እህል ከገባም በኋላ ተማሪው በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ወደ መንደር ይውጣ፣ ጎበዙም ከነተራው። እህሉን ስታስረክቡ ለመምህሩና ለተማሪው አለቃ አንድ ላይ ይሁን፤ መጠኑም ጉባኤው ተሰብስቦ በጆሮው ይስማ። የላካችሁልኝን የሦስቱን ልጆች ስም ለማንም አላሳየሁም፤ እናንተም አታሳዩ። በየትኛው ጎጆ እንደሚኖሩ ብቻ ጠይቁና ጻፉልኝ።