ለብጉር የተፈጥሮ መድኃኒት ለጠየቅሽው እህቴ

እታለም፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤው እንቅልፍ ነሳኝ። «ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ 21 ዓመቴ ነው፣ ግንባሬና ጉንጬ በብጉር ተሞልቷል፣ ኬሚካል አልፈልግም፣ በተፈጥሮ መንገድ የዳነ ካለ ይንገረኝ፤ አንዲት ሴት ከቅጠል ብቻ የተሠራ ክሬም አለ፣ በሳምንት ያጠፋልሻል ብላኛለች» ነው ያልሽው። ከሥር የተሰጠሽንም ምክር ሁሉ አየሁት፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ እንዶድ፣ አረቄ። እኔ ሁሉንም ሞክሬዋለሁ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዕድሜ፣ ያንኑ ዓይነት ክሬም ጭምር። ረጅም ቢሆንብሽም እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ብጉር ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ፦ ዛሬ ፊትሽ ላይ ያየሽው ብጉር ሥራውን የጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው። ቀዳዳው በወዝና በሞተ ቆዳ ይደፈናል፣ ውስጡ ባክቴሪያ ይራባል፣ ቀስ ብሎ ይቆጣና ይቀላል። ስለዚህ በሳምንት ከሥሩ የሚነቅለው ነገር የለም። በሳምንት አጠፋሁት የሚልሽ ካለ መቆጣቱን አፍኖት ነው። ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የእህቴን ሰርግ በደስታ በጨፈርኩ ነበር።

1ኛ. ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ፊትሽ አጠገብ አይድረስ። ነጭ ሽንኩርቱን ቀጥቅጬ ጉንጬ ላይ አስሬ አደርኩ፤ ጠዋት ውኃ ቋጥሮ ተነሳ። የብጉሩ ቦታ ጠፍቶ የቃጠሎው ጥቁር ምልክት አንድ ዓመት ቆየ። ሎሚ ደግሞ ከአሲድነቱ ሌላ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል። የእኛ አገር ብርድ ያታልላል እንጂ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጎጂው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጋቢ ደርበሽ እየተንቀጠቀጥሽም ፊትሽ ይቃጠላል። እንዶዱንም «የአያቶቻችን ሳሙና ነው» ብለው መከሩሽ። አዎ፣ የልብስ ሳሙና ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በዚሁ ፍሬ ነው፤ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ የሚገድል ነገር ለጉንጭ አይሆንም። አረቄው ቆዳን ያደርቃል፤ የደረቀና የቆሰለ ቆዳ ደግሞ ይብስበታል።

2ኛ. ግንባርሽም በብጉር ተሞልቷል ብለሻል። ቅቤ ትቀቢያለሽ? እኔ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ አናቴን በቅቤ ሞልቼ፣ ሻሽ አስሬ፣ እንደዚያው እተኛ ነበር። ቅቤው ሌሊቱን ሙሉ ግንባሬ ላይ ይወርዳል። የፀጉር ቅባት የሚያመጣውን ብጉር የቆዳ ሐኪሞች ለብቻው ስም ሰጥተው ያውቁታል፤ የፀጉሩን ዳር ተከትሎ ጥቃቅን ሆኖ ይወጣል። እናቴ ተቆጥታኝ ነበር፣ ቅቤ ተትቶ ፀጉር የለም ብላ። አሁን ቀን እቀባና ግንባሬን በጨርቅ ጠብቄ፣ ከሰዓት በኋላ ታጥቤው አድራለሁ። የግንባሬ ግማሹ በዚህ ብቻ ለቀቀኝ። ጠዋት ጠዋት አገጭና ጉንጭሽ ላይ የምትጠመጥሚውን የሱፍ ስካርፍም ቶሎ ቶሎ እጠቢው፤ መፈተጉ ራሱ ያስቆጣዋል።

3ኛ. ክሬሙ። እዚህ ላይ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ ወደ ሕክምና ሄጄ ነበር። ተፈጥሮ ተፈጥሮ ስል ሐኪም ንቄ እንዳይመስልሽ። ካርድ ለማውጣት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተሰልፌ 5 ሰዓት ላይ ገባሁ። የተቀመጠው ሰውዬ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ምንሽን ነው?» አለኝ። ነጠላዬን ገልጬ አሳየሁት። «ይሄ በሽታ አይደለም፤ አግቢ፣ ይለቅሻል» ብሎ ቀጣዩን ጠራ። በር ላይ የቆሙት ሰምተው ሳቁ። ያን ቀን ከዚያ ግቢ እያለቀስኩ ወጣሁ። የወር አበባሽ ይዛባል ወይ፣ አገጭሽ ላይ ፀጉር ይወጣል ወይ፣ ምን ትቀቢያለሽ ብሎ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚያው ሳምንት፣ ሰኔ 2009 ዓ.ም.፣ ጓደኛዬ ወደ አንዲት ሴት ወሰደችኝ። ቤቷ ንጹሕ ነው፣ አነጋገሯ ለስላሳ ነው፣ «እናቴ» እያለች ነው የምታናግርሽ። ሬት፣ ጥቁር አዝሙድና የአንኮበር ቅጠል ብቻ ነው አለችኝ። የአንኮበርን ስም ስትጠራ ልቤ አመነ፤ የመድኃኒት ቅጠል አገር መሆኑን ማን ይክዳል? ክሬሙ ነጭ ነው፣ በትንሽ ብልቃጥ፣ ምንም ጽሑፍ የለበትም። 450 ብር። በአራተኛው ቀን ብጉሩ ጠፋ። በሁለት ሳምንት ፊቴ ቀላ፣ ጠራ፤ ሰው ሁሉ ምን ተቀባሽ ይለኝ ጀመር። እኔም በኩራት አምስት ሰው ወሰድኩላት። ይህ ከራሴ ፊት በላይ ያሳዝነኛል።

ስድስት ወር ተቀባሁ። በአራተኛው ወር ጉንጬ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ቀይ የደም ሥሮች ታዩኝ፤ ከንፈሬ ዳር ጥቃቅን ሽፍታ ወጣ። «ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ ጨምሪ» አለችኝ። ጨመርኩ። ታኅሣሥ ላይ ሴትየዋ ስልኳን ዘጋች፤ ብልቃጤም አለቀ። በአምስተኛው ቀን ፊቴ ተቃጠለ። አብጦ፣ ቀልቶ፣ መግል የያዘ ብጉር ከዚህ በፊት ወጥቶበት በማያውቀው ቦታ ሁሉ ፈነዳ። እህቴ ጥር ላይ ደብረ ሲና ስትዳር እኔ ሚዜ ነበርኩ። ሚዜነቱን ለአክስቴ ልጅ ለቅቄ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ጓዳ ውስጥ ወጥ ሳወጣ ዋልኩ። የእህቴ የሰርግ ፎቶ ላይ እኔ የለሁም።

በኋላ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ የቆዳ ሐኪም አየኝ። ብልቃጡን ይዤ ነበር። ገና ፊቴን ሲያይ «ማን ነው ስቴሮይድ የሰጠሽ?» አለኝ። ስቴሮይድ መቆጣትን ያፍናል፣ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ለዚህ ነው ብጉሩ በቀናት የሚሰወረውና ፊት የሚነጣው። እያደር ግን ቆዳውን ያሳሳል፤ ሲቆም ደግሞ የታፈነው ሁሉ ተጠራቅሞ ይመለሳል። ቅጠል ያለችኝ ያ ነበር። ሻጮቹ ወደ እንዲህ ዓይነት ቅልቅል ቆዳ የሚያነጡትን ሃይድሮኪኖንም ሜርኩሪም የሚጨምሩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የተነገረሽ ክሬም በሳምንት የሚያጠፋ ከሆነና ብልቃጡ ላይ ምን እንዳለበት ካልተጻፈ አትግዢው። ሻጯ የተከበረች ሴት ብትሆንም፣ ዘመድሽ ብትሆንም።

ታዲያ በተፈጥሮ የዳንሽው በምንድን ነው ካልሽ፣ በጾም ነው የጀመርኩት። እሱም በአንድ ጊዜ አልሆነልኝም።

ሐኪሙ ወተትና ስኳር ለአንዳንድ ሰው ብጉር ያብሳል ብሎ ነግሮኝ ነበር። በ2010 ሁዳዴ ሲገባ ደስ አለኝ፤ 55 ቀን ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፤ ወደ ስምንት ሳምንት ነው፣ አንድ ብጉር ከሥሩ ጀምሮ እስኪጠፋ የሚበቃ ጊዜ። ፋሲካ ደረሰ፣ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጾሙ ከንቱ ነው ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ምን ስበላ እንደከረምኩ አሰብኩ። ከቤት ዳቦ በሻይ፣ ሻዩ አራት ማንኪያ ስኳር፤ ከሰዓት ለስላሳ፤ ማታ ፓስታ። ወተቱን ትቼ ስኳሩን እጥፍ አድርጌዋለሁ። የነጭ ዱቄትና የስኳር ምግብ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ቶሎ ያንረዋል፣ ኢንሱሊን ይከተላል፣ እሱ ደግሞ ወዝ የሚያበዙትን ሆርሞኖች ያነሳሳል። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት 43 ወጣት ወንዶች ለ12 ሳምንት ተከፍለው ሲታዩ፣ ስኳርን ቀስ ብሎ የሚለቅ ምግብ የበሉት ብጉራቸው ከሌሎቹ በላይ ቀንሷል።

በ2011 ሁዳዴ ለየት አድርጌ ገባሁ። የእኛ አገር ገብስ እያለ ለምን ፉርኖ? የገብስ ቂጣ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሽሮ። ሻይ ያለ ስኳር፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ራሴን አመመኝ። ደብተር ገዛሁና በየቀኑ ጠዋት ስንት አዲስ ወጣ፣ ምን በላሁ፣ የወር አበባዬ ስንተኛ ቀን ነው እያልኩ ጻፍኩ። በስድስተኛው ሳምንት አዲስ የሚወጣው በሳምንት ከአሥራ ምናምን ወደ ሦስት ወረደ። የቀረው አገጬ ላይ፣ የወር አበባዬ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ሳምንት ወተቱን ብቻ ለይቼ መለስኩ፤ በወሩ ጉንጬ ላይ ተመለሰ። አይቡና ቅቤው ግን ምንም አላደረጉኝም። የአንቺ ሰውነት ሌላ ሊል ይችላል፤ አንድ በአንድ መልሰሽ ካልሞከርሽ ግን አታውቂውም። የተፈጥሮ ሕክምና የሚሉት ነገር ለእኔ ይህ ደብተር ነው፤ ከየት እንደመጣ ማወቅ።

ፊቴ ላይ የማደርገው ትንሽ ነው። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውኃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና፣ ሳልፈትግ። ሬት ከግቢያችን እቆርጣለሁ፤ ቅጠሉን መጀመሪያ አዘቅዝቀሽ ቢጫው መራራ ፈሳሽ ይንጠፍጠፍ፣ እሱ ያሳክካል፤ ውስጡ ያለው ጥርት ያለው ዝልግልግ ብቻ ነው የሚቀባው። ያበርዳል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቂበት። ከዕፅዋት ወገን ለብጉር በደንብ የተፈተነው ከአንድ የአውስትራሊያ ዛፍ ቅጠል የሚወጣው የቲ ትሪ ዘይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 አውስትራሊያ ውስጥ 124 ሰዎች ላይ በ5 በመቶ ተሞክሮ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከሚባለው የፋርማሲ የብጉር ቅባት ዘግይቶም ቢሆን ሠርቷል፣ ማቃጠሉም ያነሰ ነበር። ንጹሑን ሳታቀጥኚ እንዳትቀቢ። እኔ ግን በመጨረሻ ለአገጬ የተጠቀምኩት ራሱን ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱን ነው፣ 2.5 በመቶውን፤ ከ5 እና ከ10 በመቶው እኩል ይሠራል፣ ማቃጠሉ ግን ያንሳል። ኬሚካል ነው ብለሽ አትሽሺው፣ ቢያንስ ስሙና መጠኑ ተጽፎበታል። የጥበብ ነጠላሽን ግን አርቂው፣ ቀለም ያስለቅቃል፤ የእኔ ትራስ ልብስ አልቋል።

እናቴ ሸንኮራ ዮሐንስ ወስዳኝ ሁለት ሳምንት ተጠምቄያለሁ። ስለ ጸበሉ የምናገረው ክፉ የለኝም። እዚያ ማንም ፊቴን ትኩር ብሎ አላየኝም፤ ነጠላዬን የገለጥኩት እዚያ ነው።

ብጉሩ ጠጣርና ጥልቅ ከሆነ፣ ጠባሳ ከጀመረ፣ ወይም የወር አበባሽ ሁለት ሦስት ወር የሚዘል ከሆነ በምግብ አትጠብቂ፤ ከእንቁላል ማምረቻው የሆርሞን መዛባት ሊሆን ስለሚችል ደም ይታይ። አንዱ ጋ ቢያመናጭቁሽ ሌላ ቦታ ሂጂ። አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን የከባድ ብጉር እንክብል ካዘዙልሽም፣ ጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ እርግዝና እንዳይኖር ተጠንቅቀሽ፣ በሐኪም ክትትል ብቻ ነው የሚወሰደው።

ክሬሙን ቀድመሽ ጀምረሽው ከሆነም አትፈሪ፣ ንገሪኝ። ከወር በላይ ከተቀባሽው በራስሽ በአንድ ቀን አታቋርጪው፤ ብልቃጡን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ እንዴት እንደሚቆም ያሳይሻል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ አብሬሽ እሰለፋለሁ።