መርፌው ቀዩን ሳይነካ፦ በእጃቸው አውሮፕላን ለሚሠሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት አሜሪካ ውስጥ በአውሮፕላን ጥገና ነው። ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ ጋራዣቸው ውስጥ የራሳቸውን አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎችን አግዛለሁ። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ኦሽኮሽ፣ ዊስኮንሲን የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው ነገሩ የምር መሆኑ ይገባዋል። አሁን አሁን የእኛ ልጆችም እየደወሉ ይጠይቁኛል፤ በጣም ደስ ይለኛል። ጥያቄው ግን ሁሌ ስለ ፈረስ ጉልበት ነው። ስለ ማቀዝቀዣ የሚጠይቀኝ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ እሱ ነው።

ክንፍ ሲሠራ ሁሉም ይጠነቀቃል። ማቀዝቀዣው የሚገጠመው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰው ደክሞት፣ ገንዘቡ አልቆ፣ ለመብረር ሲቸኩል። ራዲያተሩ ቦታ በተገኘበት ይወሸቃል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2012 ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በግል በተሠሩ አውሮፕላኖች ላይ ከሚደርሱ አደጋዎች ዋነኛ መንስኤዎች አንዱ የሞተር ኃይል መጥፋት ነው። ብዙዎቹ አደጋዎችም የሚደርሱት አውሮፕላኑ ገና አዲስ ሳለ ነው። ስለዚህ ችግሩን መፈለግ ያለባችሁ መሬት ላይ ሳላችሁ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትመኙትን ሮታክስ 912 የተባለውን ሞተር እንውሰድ። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) በውሃ፣ ሲሊንደሩ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ከውሃ ፓምፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች። በእሷ በኩል ጠብታ ከወጣ ፈሳሽ እንዳይወጣ የሚያትመው የፓምፑ «ሲል» እያለቀ ነው ማለት ነው። ውሃ የሚያስተላልፈው ጎማ ከብረት ቱቦው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የደረቀ ቅርፊት ካያችሁ ደግሞ አንቲፍሪዝ (ከውሃው ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ፈስሶ ነው። ጠርጋችሁ አትለፉት፤ ከየት እንደመጣ ፈልጉ። የቱቦው ጫፍ ትንሽ እብጠት ከሌለው ጎማውን የሚያስረውን ፋሸታ የቱንም ያህል ብታጠብቁት ግፊት ሲመጣ ጎማው ተንሸራቶ ይወጣል። አምራቹ የጎማ ክፍሎችን በየ5 ዓመቱ ለውጡ ይላል። ከላይ ደህና የሚመስል ጎማ ከውስጥ ሊላላጥ ስለሚችል «ገና አዲስ ነው እኮ» ብላችሁ አትከራከሩ።

አንድ ልጅ ሥራዬን እይልኝ ብሎ ኮፈኑን ከፈተልኝ። ሁሉም ነገር ያምራል። የታችኛውን ጎማ በጣቴ ስዳብሰው ግን አንድ ቦታ ላይ ለስልሷል። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ከቡሎን ጫፍ ጋር እየተፋተገ ነበር። በዓይን አይታይም። ሞተር ሲጠፋና ሲሠራ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ጎማ አጠገብ ያለውን ሁሉ በእጃችሁ ዳስሱ። በማርሚታው አጠገብ የሚያልፍ ካለ አርቁት፣ ካልሆነም ሙቀት የሚከላከል ነገር አልብሱት።

ስለ ከፍታ የምለውን ደግሞ በደንብ ያዙልኝ። ከፍታ ሲጨምር ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጡ ውሃ አፍልተው የቆሙ የጭነት መኪኖችን አይታችሁ ይሆናል፤ አውሮፕላንም ሽቅብ ሲወጣ እንደዚያው ነው፤ ኃይሉ ሙሉ፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ የሚገባው አየር ትንሽ። ልዩነቱ ዳር ይዞ መቆም አለመቻሉ ነው። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የማቀዝቀዣው ክዳን አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። በሮታክስ 912 ላይ የውሃው ሙቀት ጣሪያ 120 ዲግሪ ነው። ይህ ቁጥር ግን ክዳኑ ደህና ነው ተብሎ የተቀመጠ ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለው አንቲፍሪዝ 3,000 ሜትር ላይ 100 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ገና አረንጓዴ ላይ ነው፤ ውሃው ግን እየወጣ ነው። ክዳኑን በእጅ ፓምፕ አስፈትኑ። ርካሽ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ውሃው ሲያልቅ ውሃ ውስጥ የነበረው ሴንሰር ባዶ ይቀራል። ያኔ መርፌው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ሲሞቅ የነበረ ሞተር ያለ ምክንያት ድንገት ከቀዘቀዘ «ተመስገን» አትበሉ። የዘይቱን ሙቀት ተመልከቱ። እሱ እየወጣ ከሆነ ውሃችሁ የለም፤ ውረዱ።

በአየር ብቻ የሚቀዘቅዘውን የላይኮሚንግ ሞተር የምትገጥሙ ደግሞ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩትን ላሜራዎች ፈትሹ። ማታ መብራት አጥፉና ኮፈኑ ሥር ባትሪ አብርታችሁ በአየር ማስገቢያው አጮልቁ። ብርሃን ሾልኮ ከታያችሁ አየሩም በዚያው ይሾልካል።

አሜሪካ ውስጥ የሙከራ በረራው በብዛት 25 ወይም 40 ሰዓት ነው፤ በመኪና ሞተር ከሆነ 40 ነው። ይህን ጊዜ ሰዓት መሙያ አታድርጉት። በየበረራው የውጪውን አየር፣ ከፍታውን፣ ፍጥነቱን፣ የውሃውንና የዘይቱን ሙቀት ጻፉ። በተመሳሳይ አየር፣ በተመሳሳይ አወጣጥ፣ ሙቀቱ ካለፈው ሳምንት ከፍ ካለ የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው። ቀዩን እስኪነካ አትጠብቁ። ከመነሳታችሁ በፊትም ቁጥራችሁን ወስኑ፦ እዚህ ከደረሰ አፍንጫውን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ኃይል እቀንሳለሁ፣ ካልወረደ ወደ ሜዳው እመለሳለሁ። አየር ላይ ሆናችሁ ከራሳችሁ ጋር መከራከር የለባችሁም።

የመጀመሪያውን በረራ ከማድረጋችሁ በፊት ደግሞ ሌላ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ይይላችሁ። በእጃቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር የሆነው ኢ.ኤ.ኤ. ለዚህ የሚሆኑ በጎ ፈቃደኛ የቴክኒክ አማካሪዎች አሉት። እስከ መጨረሻው አትጠብቁ፤ ራዲያተሩን የት እንደምታስቀምጡ ስታስቡ ጀምራችሁ ጥሯቸው።