የመጀመሪያ ቅጥር በግል ፋርማሲ፦ ከመፈረም በፊት የሚነሱ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በቅርቡ ተመርቃችሁ የሙያ ፈቃድ ይዛችሁ ከግል ፋርማሲ ባለቤቶች ጋር በመነጋገር ላይ ካላችሁ የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ዕረፍትና ስለ ስንብት የተጻፈው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነው። የደመወዙ መጠን ግን ለስሌት እንዲመች የተመረጠ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ «ስንት ትፈልጋለህ?» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

መልስ፦ ቁጥር ከመጥራትህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፦ የተጣራ (ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጅህ የሚገባው) ነው ወይስ ያልተጣራ? በሳምንት ስንት ሰዓት ነው? እነዚህ ሳይታወቁ የሚጠራ ቁጥር ትርጉም የለውም።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር፣ ከ14,000 ብር በላይ ለሆነ ደመወዝ 35 በመቶ ተሰልቶ 2,050 ብር ይቀነስለታል። ከአንተ የሚቆረጠው ጡረታ 7 በመቶ ነው። ስለዚህ ያልተጣራ 15,600 ብር ከተባልክ ግብሩ 3,410፣ ጡረታው 1,092 ሆኖ እጅህ የሚገባው 11,098 ብር ነው። «የተጣራ 12,000» ከተባልክ ደግሞ ወደ ኋላ አስላው፦ ከ12,000 ላይ 2,050 ቀንስና ለ0.58 አካፍል (ከ100 በመቶ 35 ግብርና 7 ጡረታ ሲቀነስ 58 ይቀራል)፤ ያልተጣራው 17,155 ብር ገደማ ይመጣል። አሠሪው በራሱ በኩል 11 በመቶ ጡረታ ስለሚጨምር አጠቃላይ ወጪው 19,042 ብር ይደርሳል። ይህን አስልቶ የሚቀርብ ተቀጣሪ ባለቤቱ የሚያወጣውን ገንዘብ ስለሚረዳ ንግግሩ ከክርክር ወደ ሒሳብ ይዞራል።

«የተጣራ» የሚለው ቃል ብቻውን ውሉ ላይ እንዳይቀር። ያልተጣራው ካልተጻፈ ለጡረታና ለግብር ዝቅተኛ ደመወዝ ሊመዘገብብህ ይችላል፤ ችግሩ የሚታይህም ከዓመታት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ «መነሻ ደመወዝ 6,000፣ የቀረው አበል» ተባልኩ። ጠቅላላው ጥሩ ነው። ልፈርም?

መልስ፦ እንዲህ እንዳለ አትፈርሚ። የጡረታ መዋጮም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም፣ የስንብት ክፍያም የሚሰላው በመነሻው ላይ ነው። የትራንስፖርት አበል ያለ ነገር ነው፤ ግን ከጠቅላላው አብዛኛው መነሻ ደመወዝ ሆኖ እንዲጻፍ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ «ሥራ መግባት አይጠበቅብህም፣ ላይሰንስህ ብቻ ይሰቀል» የሚሉ አሉ። ብዙ ጓደኞቼ ተቀብለዋል።

መልስ፦ አትቀበል። ፋርማሲው ብቃት ማረጋገጫ (ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፈቃድ) የሚያገኘው በአንተ ስም ነው። አንተ በሌለህበት ያለ ማዘዣ ዲያዜፓም ቢሸጥ፣ ለሕፃን የተሳሳተ መጠን ቢሰጥ፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ቢያገኝ፣ መጀመሪያ የሚጠራው ግድግዳው ላይ ያለው ስም ነው። ፈቃድህ ቢታገድ የሚቀርብህ የዚያ ቤት ክፍያ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ቦታ መቀጠርም አትችልም። መስኮቱ ጋ መጥቶ ምክር ያጣው በሽተኛም አለ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በመካከል የአንድ ሰዓት ምሳ። ይህ የተለመደ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ የተለመደ መሆኑ ሕጋዊ አያደርገውም። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። አንተ የምትሠራው 60 ነው። ትርፉ 12 ሰዓት በሕጉ ከተፈቀደው የሳምንት ጣሪያ ጋር እኩል ነው፤ አንድ ቀን ሲመሽብህ ታልፈዋለህ።

በብር እንየው። 15,600ን ለወሩ መደበኛ 208 ሰዓት ስታካፍል በሰዓት 75 ብር ነው። እስከ ምሽቱ 4 ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 112.50፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75 ተባዝቶ 131.25፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ይሰላል። ሳምንታዊው 12 ሰዓት 1,350 ብር ነው፤ በአራት ሳምንት 5,400። «በጥቅል ነው» ሲሉህ እየተተወ ያለው ይህ ነው። ወይ ክፍያው ለብቻው ይጻፍ፣ ወይ ሰዓቱ ይቀነስ።

አንድ ጥያቄ ጨምር፦ «እኔ ዕረፍት ስወጣ ማን ይሸፍናል?» ሌላ ባለሙያ ከሌለ ዕረፍትህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ እሑድ ስልክህ ይጮኻል። የዓመት ፈቃዱም፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ እንዲሁ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ውሉ ላይ «ለሚከሰት ጉድለትና ጊዜው ላለፈበት መድኃኒት ሠራተኛው ተጠያቂ ነው» ይላል።

መልስ፦ አዲስ ተቀጣሪን በብዛት የሚያከስረው ይህ መስመር ነው፤ ከደመወዙም በላይ ተጨቃጨቁበት። ሳትቆጥር ለተረከብከው ዕቃ መፈረም የሌላ ሰው ዕዳ መግዛት ነው።

ርክክቡ ከባለቤቱ ወይም ከተሰናባቹ ባለሙያ ጋር አብራችሁ ቆጥራችሁ ይሁን። ካርቶን ሳይሆን ስትሪፕ ቁጠሩ፤ አሥር ስትሪፕ መያዝ ያለበት ፓኬት ተከፍቶ ሰባት ብቻ ሊኖረው ይችላል። ለእያንዳንዱ ብዛት፣ ባች ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ይመዝገብ፤ ከቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ካርድ) ጋር ይነጻጸር። በስድስት ወር ውስጥ የሚያበቁትን በሌላ ወረቀት አውጣቸው፤ አንተ ያላዘዝከው ዕቃ ሲያልፍበት አንተ ላይ አይመዘገብም። ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ (በልዩ ቁጥጥር የሚያዙ መድኃኒቶች) በፍሬና በአምፑል ተቆጥረው ከልዩ ማዘዣ ወረቀቶቹ ጋር ይመሳከሩ። ኢንሱሊን ያለበት ፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ላይ መሆኑን እይ፤ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግም ጠይቅ። ሁለት ቅጂ ተፈርሞ አንዱ አንተ ጋ ይቅር።

ከዚያ ቁልፉን ጠይቅ። ካሸሩም፣ የባለቤቱ ዘመድም ማታ የሚገቡበት ቤት ውስጥ አንተ ብቻህን ለጉድለት ልትጠየቅ አይገባም። አንቀጹን እንዲህ ብታስተካክለው ይበቃል፦ «በጋራ በተፈረመ ቆጠራ የተረጋገጠና በሠራተኛው ጥፋት የደረሰ ጉድለት»። በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝህ የሚቆረጠውም ከሲሶ መብለጥ የለበትም።

ጥያቄ፦ ስለቅ ላይሰንሴን አልመልስም ቢሉኝስ?

መልስ፦ ይህ የሚያልቀው ስትገባ ነው። ስምህ ከዚያ ፋርማሲ ካልተነሳ ሌላ ቦታ መመዝገብ ይቸግርሃል። «ሠራተኛው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ርክክብ እንደፈጸመ ድርጅቱ መልቀቂያና ዋናውን የሙያ ፈቃድ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይሰጣል» የሚል መስመር አስገባ። የቀረ ክፍያህንም አሠሪው በ7 የሥራ ቀን መጨረስ አለበት። የዲግሪህን ዋና ቅጂ ለማንም «ለመያዣ» አትስጥ፤ ለማመሳከር አሳይተህ መልሰህ ያዝ።

ጥያቄ፦ «መጀመሪያ ሁለት ወር እንይሽ፣ ከዚያ እንፈራረማለን» አሉኝ።

መልስ፦ የሙከራ ጊዜ የሚጸናው በጽሑፍ ሲሆን ነው፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። በትህትና እንዲህ በያቸው፦ «ደስ ይለኛል፣ የሙከራ ጊዜውን ውሉ ውስጥ እናስገባውና ዛሬውኑ እንፈራረም።» እምቢ ካሉ፣ ስምሽ ለብቃት ማረጋገጫው እንዳይላክ። ያ ከሆነ በኋላ የመደራደር አቅምሽ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ በሽያጭ ኮሚሽን ይሻላል?

መልስ፦ ደመወዝን ተክቶ አይሁን። በሽያጭ የሚከፈለው ባለሙያ ለጉንፋን የማይሠራውን አንቲባዮቲክ፣ አሞክሲሲሊንን፣ የመስጠት ግፊት በየቀኑ ይገጥመዋል። ጭማሪ ከፈለግህ በስድስት ወር የሚታይ የደመወዝ ማስተካከያ ጠይቅ፤ ጉድለት የሌለበት ቆጠራና በወቅቱ የተመለሰ ዕቃ ጥሩ መለኪያ ናቸው።

ጥያቄ፦ «በቅርቡ ለመውለድ ታስቢያለሽ?» ተብዬ ተጠየቅኩ።

መልስ፦ የመመለስ ግዴታ የለብሽም፤ «ስለ ሥራው ብንነጋገር ይሻላል» በቂ ነው። የወሊድ ፈቃድ በድምሩ 120 ቀን ነው፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ ሁሉም ከክፍያ ጋር። ነፍሰ ጡር ሴትን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም የተከለከለ ነው፤ 24 ሰዓት የሚሠራ ቤት ከሆነ የሌሊት ፈረቃውን ማን እንደሚሸፍን ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ።