ባክቴሪያውን አይግዙ፣ ያለውን ይቀልቡ

ጥያቄው የመጣው አላስካ፣ ፌርባንክስ ከሚኖሩ አንባቢ ነው። በረዶ ከመጣሉ በፊት የቤታቸው የማሞቂያ ነዳጅ ታንከር አፍስሶ ጓሮውን አበላሽቷል፤ አሁን በረዶው ሲቀልጥ ሽታው ተመለሰ። «ነዳጅ የሚበላ ባክቴሪያ በዱቄት ይሸጣል፤ ልግዛ? ብርዱስ አይገድለውም?» ይላሉ።

ገንዘብዎን ይያዙ። ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ጓሮዎ ውስጥ አሉ። ሮዶኮከስና ሱዶሞናስ የሚባሉት ነዳጅ በነካው የአንታርክቲካ አፈር ውስጥ እንኳ ተገኝተዋል። ብርዱ ያዘገያቸዋል እንጂ አይፈጃቸውም፤ ከፋብሪካ የመጣው እንግዳ ግን ከእነዚህ ባለአገሮች ጋር ተሻምቶ መኖር ይቸግረዋል።

የሚጎድላቸው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና አየር ነው። ነዳጅ ካርቦን ሞልቶታል፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን የለውም ማለት ይቻላል። በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ ድፍድፍ ነዳጅ ስትደፋም በአላስካ ዳርቻዎች በሰፊው የተረጨው ማዳበሪያ ነበር።

ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። በየመመሪያው የሚደጋገመው ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጅን የሚለው ስሌት ደረቅ አሸዋማ አፈር ላይ ጉዳት ያደርሳል። ማዳበሪያ እንደ ጨው ነው፤ የሚሟሟውም አፈሩ በያዘው ጥቂት ውሃ ውስጥ ስለሆነ፣ ሲበዛ ባክቴሪያው ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ ናይትሮጅኑን በአፈሩ ክብደት ብቻ ሳይሆን በያዘው ውሃም ይለኩ፤ በአንድ ኪሎ የአፈር ውሃ ከ2,000 ሚሊግራም በታች ይሁን። እርጥበቱ 10 በመቶ ለሆነ አንድ ቶን አፈር 200 ግራም ያህል ዩሪያ (46 በመቶው ናይትሮጅን ነው) ለመጀመሪያ ዙር ይበቃል። አገር ቤት የምናውቀው ዳፕ ትንሽ ቢጨመርበት ፎስፈረሱ ይሟላል። ቀሪውን ከሳምንታት በኋላ ይጨምሩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። አላስካ ውስጥ መሬት ላይ የፈሰሰው ከ55 ጋሎን በላይ ከሆነ ወዲያውኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ አፈሩንም ከመቆፈርዎ በፊት ይጠይቋቸው። የጉድጓድ ውሃ የሚጠጡ ከሆነ እስኪመረመር ድረስ ይተዉት። በሳሙና ማጠብ የሚባለውን ምክር አይስሙ፤ ነዳጁን ወደ ታች ወደ ውሃው ይገፋዋል።

ሲፈቀድልዎ አፈሩን ወፍራም ላስቲክ ላይ ይከምሩ፤ ዝናብ እንዳያጥበውና ሙቀት እንዲይዝ በጥቁር ላስቲክ ይሸፍኑት። በበጋዎቹ ወራት አልፎ አልፎ በአካፋ ያገላብጡት፤ አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ጭቃ ግን አይሁን። መስከረም ላይ ሽታው ጠፋ ብለው አይዘናጉ። ቀድሞ የሚተነው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ የቀረ እንደሆነ የሚነግርዎ የላብራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።