ስጦታ ነው ወይስ ብድር?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከጅማና ከአካባቢዋ በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት በኮሮና ጊዜ ለተማሪዎች ስለተሰጠ ገንዘብ ናቸው። ወረርሽኙ ቢያልፍም ደብዳቤውና ሒሳቡ ገና አላለፈም። አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ በዲቪ የሄደች ልጄ አሜሪካ ስትማር በ2013 ዓ.ም. ኮሌጁ «የኮሮና ድጋፍ» ብሎ 1,200 ዶላር ሰጥቷት ነበር። አሁን «የተማሪ ብድርሽን ክፈይ» የሚል ደብዳቤ እየመጣባት ነው። ያው ገንዘብ ይሆን? ያለችንን ቡና ሸጠን እንላክላት? (ወ/ሮ ዘ.፣ ከሄርማታ)

መልስ፦ እናታችን፣ ቡናውን ለጊዜው አይንኩት። 1,200 ዶላሩ ስጦታ ነው፤ መልሺ የሚላት የለም፣ ግብርም አይከፈልበትም። መጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. የተፈረመው ኬርስ አክት የተባለ ሕግ ለአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መደበ። ለየተቋማቱ በቀመር ከተከፋፈለው ውስጥ ቢያንስ ግማሹ በቀጥታ ለተማሪ እንዲደርስም አዘዘ። በታኅሣሥና በመጋቢት 2013 ሁለት ተጨማሪ ሕጎች ወጡ፤ የመጨረሻው ብቻውን ወደ 40 ቢሊዮን ይጠጋል። መንግሥት ገንዘቡን ለኮሌጁ ሰጠ፣ ኮሌጁ ደግሞ በራሱ መስፈርት ለምግብ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለሕክምናና ለኮምፒውተር አከፋፈለው። በአንድ ከተማ የሚማሩ ሁለት የጅማ ልጆች የተለያየ ገንዘብ ያገኙት ለዚህ ነው።

አሁን የመጣው ደብዳቤ ሌላ ነው። ልጅዎ ስትመዘገብ የፌዴራል የተማሪ ብድር ፈርማ ሳይሆን አይቀርም። ያ ብድር ከመጋቢት 2012 ጀምሮ ክፍያው ቆሞ፣ ወለዱም ዜሮ ሆኖ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ቆየ። ወለዱ እንደገና መቁጠር የጀመረው ነሐሴ 26 ቀን 2015 ሲሆን ክፍያውም በቀጣዩ ወር ተመለሰ። ዕዳው ዝም ብሎ ስለቆየ ብዙ ተማሪ የተሰረዘለት መስሎት ነበር።

ልጅዎ የፌዴራል ተማሪዎች ድጋፍ ድረ ገጽ ላይ በራሷ መለያ ትግባና «ብድር» እና «ስጦታ» የሚሉትን ዝርዝሮች ለይታ ትመልከት። 1,200ው ከብድሩ ዝርዝር ውስጥ አይኖርም። አንድ የሚጣራ ነገር ግን አለ፤ በ2013ቱ ዙሮች ኮሌጆች ድጋፉን ለተማሪው ውዝፍ የትምህርት ክፍያ ማዋል የሚችሉት በጽሑፍ ሲፈቅድላቸው ብቻ ነበር። ገንዘቡ እጇ ሳይገባ «ተከፍሎልሻል» ከተባለች የፈረመችበትን ፈቃድ እንዲያሳዩዋት ትጠይቅ። ወርሃዊው ክፍያ ከከበዳትም ገቢን መሠረት ባደረገ ዕቅድ ለመክፈል ማመልከት ትችላለች፤ ማመልከቻው በነፃ ነው። «እኛ እናስጨርስልሽ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ድርጅት ካለ ትሽሸው።

በተማሪ ቪዛ የሄዱ ልጆች ያሏቸው ሌሎች ወላጆችም ጠይቀውናል። በመጀመሪያው ዙር የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር ለእነሱ እንዳይሰጥ ገድቦ ነበር። ግንቦት 2013 የወጣው ደንብ ግን በሩን ስለከፈተ፣ «ለኔ አልተሰጠኝም» የሚለውም «ተሰጥቶኛል» የሚለውም ልጅ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጀርመን አገር ይማራል። በኮሮና ጊዜ «መንግሥት ረዳኝ» ብሎ ደስ ብሎት ነበር፤ ዛሬ ግን ዕዳ አለብኝ ይላል። የክፍሉ ልጅ ደግሞ ድሃ ሆኖ ሳለ ተከልክሎ ነበር። ምን ዓይነት እርዳታ ነው? (አ.፣ ከጅሬን)

መልስ፦ ወንድምህ ሁለት ነገር በአንድ ስም እየጠራ ነው። አንደኛው ጀርመኖቹ «ዩበርብሩኩንግስሂልፈ» ያሉት የመሸጋገሪያ ድጋፍ ሲሆን የማይመለስ ስጦታ ነው። ከሰኔ 2012 ጀምሮ ለውጭ አገር ተማሪዎችም ጭምር ተሰጠ፤ መካከል ላይ ተቋርጦ እስከ መስከረም 2014 ድረስ ቀጠለ። መጠኑ የሚወሰነው በባንክ ሒሳብ ቀሪ ነበር፤ ከ100 ዩሮ በታች ያለው 500፣ ከ100 እስከ 199 ያለው 400 እያለ በየመቶው በ100 ይቀንሳል። 347 ዩሮ የነበረው 200 ያገኛል፤ 500 የሞላው ምንም የለውም። ማመልከቻው በየወሩ እንደ አዲስ ይቀርባል።

ጓደኛው የተከለከለው ምናልባት ችግሩ ከወረርሽኙ እንደመጣ ማስረዳት ስላልቻለ ይሆናል። ድህነት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ምግብ ቤት ሲሠራ የተባረረበትን ደብዳቤ ወይም ከቤተሰብ ይላክለት የነበረው መቋረጡን ማሳየት ነበረበት። በእኛ ግምት ይሄ የድጋፉ ትልቁ ጉድለት ነው፤ ከኮሮና በፊትም የተራበውን ወደ ጎን ገፍቶታል። ብዙ ሰው ደግሞ የባንክ መግለጫ ላይ ወድቋል። የአንድ ሒሳብ ብቻ ያስገባና ሌላውን የረሳ፣ ወይም በመካከል ገጽ የጎደለው፣ ይመለስበት ነበር።

ሁለተኛው ኬኤፍደብሊው የተባለው የመንግሥት ባንክ የሰጠው ብድር ነው፤ በወር እስከ 650 ዩሮ። ለጊዜው ለውጭ ተማሪ ተከፍቶ፣ ወለዱም ዜሮ ተደርጎ ስለነበር «እርዳታ» መሰለ። ወለዱ ግን ተለዋዋጭ ነው፤ ዜሮው ሲያበቃ እየወጣ ሄዶ በ2016 መጀመሪያ ከ9 በመቶ አለፈ። ገንዘቡ ገና እየተከፈለው ላለ ተማሪ ወለዱ ከወርሃዊው ላይ ስለሚቀነስ 650 ተፈቅዶለት እጁ የሚገባው ከዚያ ያነሰ ነው። ወንድምህ ውሉ ላይ የወለዱን አንቀጽ ያንብብ፤ ትንሽ ገንዘብ ካጠራቀመም ቀድሞ በመክፈል ዋናውን ይቀንስ።

ጥያቄ፦ እህቴ በመጋቢት 2012 ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት ተልካ ጅማ ቆይታለች። ኖን ካፌ ነበረች፤ ካፌ ከመብላት ይልቅ የምግቧን ገንዘብ ትወስድ ነበር። አሁን ኦሪጅናል ዲግሪዋን ልታወጣ ስትል ኮስት ሼሪንጓ (የወጪ መጋራት ውሏ) ላይ የዚያ ዓመት ምግብ ሙሉ ተጽፏል። ያልበላችውን ትከፍላለች? (የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ)

መልስ፦ አንተም ገና ተማሪ ስለሆንክ ይህን በደንብ ያዘው። የወጪ መጋራት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 154/2000 መሠረት በየዓመቱ የሚፈረም ውል ነው። የትምህርት ወጪው 15 በመቶ፣ ምግቡና መኝታው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በተማሪው ስም ይያዛል፤ በየመስመሩም ለብቻው ይጻፋል። ኖን ካፌ ሆነህ የምትወስደው ገንዘብም የምግቡ መስመር ነው፤ ነፃ አይደለም።

ያልበላችውን አትክፈል ማለት ግን ቀላል አይሆንም። ትምህርቱ ተቋርጦ ነው እንጂ አልተሰረዘም፤ በ2013 ስትመለስ ያንኑ ሁለተኛ ሴሚስተር በልታ፣ ተኝታ ጨርሳለች። ስለዚህ የሚፈለገው ስህተት አንድ ሴሚስተር ሁለት ጊዜ መጻፉ ነው፤ አንዴ በ2012ቱ ውል፣ አንዴ በ2013ቱ። በዚያን ጊዜ በነበረው በቀን 15 ብር ቢሰላ አንድ ወር 450፣ አራት ወር 1,800 ብር ይሆናል። መኝታው ሲጨመር ከዚያም ያልፋል።

የሁሉንም ዓመት ውል ኮፒ ታውጣ። ከግሬድ ሪፖርቷ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣ የተማረችባቸውን ሴሚስተሮች ትቁጠር፤ በውሎቹ ላይ ያሉት ከበለጡ ልዩነቱ ያ ነው። ገንዘቡ የገባበትን የባንክ መግለጫ አያይዛ ማመልከቻ ትጻፍ፤ በቃል ብትናገር «እናየዋለን» ይሏታል። መዝገብ ቤት አስገብታ በራሷ ኮፒ ላይ ቀንና ቁጥር ታስጽፍ፣ ማኅተምም ታስመታ። ይህን ሁሉ ዕዳው ለቀጣሪ ተጽፎ ከደመወዟ ቢያንስ 10 በመቶ መቆረጥ ሳይጀምር ብታደርገው ይሻላል። ከዚያ በኋላ የሚያርመው አንድ ቢሮ፣ የሚቆርጠው ሌላ ቢሮ፣ የሚሰበስበው ሌላ ስለሚሆን መመላለሱ ይበዛል።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም «ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመንግሥት የወረርሽኝ ድጋፍ 5,000 ብር፣ ሊንኩን ተጭነህ ተመዝገብ፣ ለአሥር ግሩፕ ላክ» የሚል መጣልኝ። ልመዝገብ? (ሐ.፣ ከአጂፕ)

መልስ፦ አትመዝገብ። የመንግሥት ድጋፍ ለአሥር ግሩፕ እንድትልክ አይጠይቅም። ሊንኩ የሚፈልገው የባንክህን ሚስጥር ቁጥር ወይም በስልክህ በአጭር መልእክት የሚመጣውን ኮድ ነው፤ ሁለቱንም ባንኩ ራሱ እንኳ አይጠይቅህም። ቀድመህ ሞልተህ ከሆነ ለባንክህ ዛሬውኑ ደውለህ የሞባይል ባንኪንጉን አዘጋ፤ ከዚያ ቅርንጫፉ ሄደህ ሚስጥር ቁጥሩን ቀይር። መልእክቱን ወደ ክፍልህ ግሩፕ አስተላልፈህ ከነበረም እንዳይጫኑት አሁኑኑ ንገራቸው።