መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ውሃውን ይከፋፍሉት

ጥያቄ፦ ከሐብሩ ነኝ። በመስኖ የተከልኩት ሽንኩርት ከፈሩ ራስጌ ሥሩ እየወጣ ይጋደማል። ግርጌ ያለው ደግሞ ደለል ውጦት ቀጭጯል። ውሃ አልጠፋም፤ ተራዬ ሲደርስ ቶሎ ያዳርስልኛል። ምን ልርጭ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ርጭቱን ይተዉት። «ቶሎ ያዳርስልኛል» ያሏት ነገር ጉዱን አወጣችው። የቦዩን ውሃ በሙሉ በአንድ ፈር እየለቀቁት ይመስለኛል። በሽታ ቢሆንማ ራስጌውን ነቅሎ ግርጌውን አይቀብርም ነበር።

ውሃ ሳሳ ብሎ ቀስ ሲል ሳይደባለቅ ይፈሳል። ሲጠልቅና ሲፈጥን ግን ውስጡ ይታመሳል፤ አፈሩን ፈልቅቆ የሚያነሳው ያ ነው። ኦስቦርን ሬይኖልድስ የተባለ መሐንዲስ በ1883 እ.ኤ.አ. በመስታወት ቱቦ ባለቀለም ውሃ ለቆ ይህንኑ አሳይቷል። ቀለሙ በዝግታ ሲሄድ እንደ ክር ቀጥ አለ፤ ፍጥነት ሲጨመር ተበታተነ።

የእርስዎ ውሃ ይታመስ እንደሆነ እርስዎም መገመት ይችላሉ። የጤፍ ጭድ ፈሩ ላይ ይጣሉና 10 ሜትር እስኪሄድ ሰከንድ ይቁጠሩ። 40 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.25 ሜትር ነው። ይህን በጥልቀቱ፣ 8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በ0.08 ያባዙት፤ ከዚያ በ1 ሚሊዮን። 20,000 ይመጣል፤ የውሃውን መታመስ የሚለካው የሬይኖልድስ ቁጥር ይህ ነው። በፈር ላይ ከ500 በታች የረጋ፣ ከ2,000 በላይ የሚታመስ ነው። ላዩ ጸጥ ያለ ቢመስልም አይመኑት።

ተራ ደረሰ ብሎ ሁሉንም ውሃ አንድ ፈር ላይ መልቀቅ በየቀበሌው የማየው ነገር ነው። ተራ እንዳያልፍ ነው፣ ይገባኛል። ግን ማሳው እየተጠረገ ነው! ያንኑ ውሃ በአራት ፈሮች በአንድ ጊዜ ይልቀቁት። ሰዓቱ አይጨምርብዎትም ማለት ይቻላል፣ አራቱ አብረው ይጠጣሉና። ቁጥሩም ወደ 5,000 ይወርዳል። ፈጽሞ አይረጋም፤ አፈር የመንቀል ጉልበቱ ግን በጣም ይቀንሳል። በየፈሩ አፍ አሮጌ የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፈው ጫፎቹን በድንጋይ ይጫኑ፤ ውሃው ሲወድቅ የሚቦረቡረው እዚያ ጋ ነው። መጠኑን አፉ ላይ በሚያስቀምጡት ጭቃ ያስተካክሉ።

ውሃው ግርጌ ሳይደርስ መሬቱ ከጠጣው ወደ ሦስት ፈር ይመለሱ። ፈሩ ረጅም ከሆነ ደግሞ መሐሉ ላይ አግድም ቦይ አውጥተው ለሁለት ይቁረጡት።

ሥሩ የወጣውን ሽንኩርት ዛሬውኑ አፈር ያስታቅፉት። ግርጌ ካለው ላይ ደለሉን በእጅ ገለጥ ያድርጉለት፤ አንገቱ ከተቀበረ ይበሰብሳል።