ጀበናውም ጎጆውም ይቆይ

ጥያቄ፦ በጅማ፣ በጅሬን አቅጣጫ፣ ተዳፋት ላይ ለባህል አዳራሽ የሚሆን ቦታ ተሰጥቶናል። መሬቱ ላይ ሁለት ትልልቅ ዋንዛዎች አሉ፤ ከሥራቸው ያረጀ ቡና አለ። 150 ሰው የሚይዝ አዳራሽና የጥንት ዕቃዎች ማሳያ ክፍል እንፈልጋለን። ሁለት ንድፎች ቀርበውልናል፤ አንዱ ጀበና የመሰለ የኮንክሪት ሕንፃ፣ ሌላው ትልቅ የሣር ክዳን ጎጆ። ሽማግሌዎቻችን ግን «ቤቱ ከተራራው ጋር ይስማማ፤ ልጆቻችንም በየዓመቱ ለጥገና መዋጮ አይለምኑበት» ብለዋል። የትኛውን እንምረጥ?
የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ከጅማ

መልስ፦ ይከበሩ ጸሐፊ፣ ሽማግሌዎቻችሁ በአንድ ትንፋሽ የተናገሩትን እኔ በአርክቴክትነት ሥራዬ ለመረዳት 20 ዓመት ፈጅቶብኛል። ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ስለ ጀበናው ብዙ አልናገርም። ጀበና ረከቦት ላይ ሲቀመጥ ያምራል። 150 ሰው የሚይዝ ጀበና ለማቆም ግን ተዳፋቱን በዶዘር መደልደል፣ ዋንዛዎቹንም መጣል ግድ ይሆናል። ጅማን ለማሞገስ የጅማን ጥላ መቁረጥ ምን ይባላል?

ጎጆው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ እኔ ራሴ ወድቄበታለሁና። ወጣት ሳለሁ፣ ከእናንተ ብዙም በማይርቅ ከተማ፣ የሣር ክዳን ያለው ሰፊ አዳራሽ ነደፍሁ። በምርቃቱ ቀን ተጨበጨበልኝ። በሦስተኛው ክረምት ሣሩ ጠቁሮ ያንጠባጥብ ጀመር። የከደኑትን አዛውንት አስጠርቼ ስጠይቃቸው ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ እሳት የማይነድበትን ቤት ሣር ማን ያደርቀዋል?» አሉኝ። ነገሩ ይህ ነው። በመኖሪያ ጎጆ ውስጥ የምድጃው ጭስ በየቀኑ ሣሩን ያደርቃል፣ ነፍሳትንም ያባርራል። አዳራሽ ምድጃ የለውም፤ በማሳያ ክፍል ውስጥም እሳት እናንድድ አይባልም። በዚያ ላይ የሣር ክዳን ቢያንስ 45 ዲግሪ ቁልቁለት ይፈልጋል። እኔ ከሩቅ ዝቅ ብሎ እንዲታይልኝ ብዬ ጣሪያውን አጋድሜው ነበር። ዕዳው የማን እንደሆነ አዛውንቱ በትሕትና አልነገሩኝም።

ታዲያ ምን ይሠራ? አንድ ቅዳሜ ኮሚቴውን ይዘው ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይውጡ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩትን ቤት ሰው ሁሉ የሚያየው ለእንጨት ጌጡ ነው። እናንተ ግን በረንዳውን እዩ። ዝናብ እየዘነበ ሰው ከግድግዳው ውጭ ቆሞ ሳይረጥብ አገሩን ያያል። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ቤት በጅማ ዝናብ ውስጥ ዕድሜ የሚያገኘው እንዲህ ባለ ጥላ ሥር ነው። ከዚያ ቤት የሚቀዳው ይህ ነው፤ ቅርጹን መገልበጥ አያስፈልግም።

ስለዚህ ከጣሪያው ይጀምሩ። ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን፤ አትፈሩት። ታዛው ግን ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይውጣ፤ በሰሜንም በደቡብም። በጅማ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በቀሪው ጊዜ በደቡብ። የሕንፃው ጠባብ ጎኖች ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ቢዞሩ መልካም ነበር። ተዳፋቱ ይህን ካልፈቀደ ግን ተዳፋቱን ያክብሩ፤ ፀሐይን በመጋረጃም በዛፍም መከለል ይቻላል፣ የተቆረጠ ኮረብታ ግን አይመለስም።

የቆርቆሮ ችግሩ ጩኸቱ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ተናጋሪው አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ይታያል። በቡርኪና ፋሶ፣ ጋንዶ በምትባል መንደር፣ አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ2001 የተጠናቀቀው ትምህርት ቤት ከጭቃ ጡብ የተሠራ ኮርኒስ አለው፤ ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ርቆ በቀጫጭን ብረት ላይ ተሰቅሏል፤ በመካከል አየር ያልፋል። የእነርሱ ጠላት ሙቀት ነበር፤ ዘዴው ግን ለእናንተ የዝናብ ጩኸትም ይሠራል። ከቆርቆሮው በታች ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ የቀርከሃ ርብራብ ዘርግታችሁ፣ በላዩ ጭድ የበዛበት ጭቃ ምረጉበት። ክብደቱን ግን መሐንዲስ ያስላው።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ጣሪያችሁ 300 ካሬ ሜትር ቢሆን በዓመት ወደ 450,000 ሊትር ውኃ ይወርድበታል። ይህ ሁሉ በአንድ ጥግ ከፈሰሰ የታችኛው ጎረቤት ማሳ ይሸረሸራል፤ የባህል አዳራሹም በክስ ይመረቃል። አሸንዳና ማጠራቀሚያ በመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግቡ። ዋንዛ ቅጠል ያረግፋልና አሸንዳውን የሚጠርገው ሰውም ከወዲሁ ይታወቅ።

ለግድግዳው የራሳችሁን ቀይ አፈር ፈትሹት። በጠርሙስ ውስጥ አፈርና ውኃ በጥብጣችሁ አሳድሩት፤ አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ተለይቶ ይቀመጣል። ሸክላው ከበዛ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ አሸዋ ይጨመርበት። መሠረቱ ድንጋይ ሆኖ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፤ ይህ የጣሪያ ፍንጣቂን ይከላከላል፣ የምስጥንም መንገድ ያጋልጣል። የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ አትለስኑ። ጭቃው በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶው ግን አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ተልጦ ይወድቃል። ኖራ ይሻላል።

ቤቱ ከተራራው ጋር ይስማማ የተባለውም ለእኔ ይኸው ነው፤ ወለሉ ተዳፋቱን ተከትሎ በሁለት በሦስት እርከን ይውረድ፣ አዳራሹ ላይ፣ ማሳያ ክፍሉ ታች። ጣሪያው ከዋንዛዎቹ አናት አይብለጥ። ከቅርንጫፎቻቸው ጥላ ሥርም መሠረት አይቆፈር፤ ሥር የተቆረጠበት ዛፍ ወዲያው አይሞትም፣ ተቋራጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ እንጂ። ቆርቆሮውን አረንጓዴ ቀለም መቀባት ያሰበ ካለ ይተወው። የትኛውም የፋብሪካ አረንጓዴ የቡና ቅጠል አይመስልም።

ውል ከመፈራረማችሁ በፊት በሐምሌ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ሲጠና፣ ችካል ይዛችሁ ቦታው ላይ ቁሙ። ውኃው የሚሄድበትን ሁሉ ምልክት አድርጉ፤ ንድፍ ሠሪውም አብሯችሁ ይቁም። ጃንጥላ ረስቻለሁ ካለ አበድሩት።